ዘንግ፣ ቡሽና ትልቁ ዓሣ

በአቮንዴል እስቴትስና አካባቢው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የትልቅ ዓሣ ወንዝ ሩቅ አይደለም። የአትላንታን ሰሜን ምዕራብ ታክኮ የሚወርደው ቻታሁቺ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ9 ኪሎ በላይ የመዘነ ብራውን ትራውት ተይዞበታል። (የባሌውን ዌብ ወንዝ ለሚያውቅ ሰው ትራውት እንግዳ አይሆንበትም።) ወንዝ እንዲህ ያለ ዓሣ ይዞ እንዲቆይ ከተፈለገ ከመረብ ይልቅ ዘንግና ቡሽ ይመረጣሉ ባይ ነኝ፤ አጥማጁ አንዱን ይዞ ሌላውን እንዲተው ያስችሉታልና።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከቡሽ፣ ከቀላል እንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ተንሳፋፊ በናይለን ክር ላይ ይታሰራል፤ ከበታቹ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች፣ ከጫፉ መንጠቆና ትል አለ። በቡሹና በመንጠቆው መካከል ያለው ርቀት ትሉ የሚሄድበትን ጥልቀት ይወስናል። የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። የወንዙ ወለል ድንጋዮች ስለሚያዘገዩት የታችኛው ውሃ ከላይኛው ቀስ ብሎ ይፈሳል። ቡሹ እንዳሻው ከተለቀቀ ትሉን ከኋላው እየጎተተ፣ ወለል ላይ የሚንከባለል ምግብ በማይሄድበት ፍጥነት ያስሮጠዋል፤ ብዙ ክረምት ያሳለፈ ዓሣ ደግሞ ይህን አይነካም። ስለዚህ አጥማጁ ክሩን በስሱ ያዝ እያደረገ ቡሹን ያዘገየዋል፣ ትሉም ቀድሞ ይደርሳል። ትልቅ ዓሣ ጉልበቱን ላለማባከን ከድንጋይ ጀርባ ወይም ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይቆማል፤ ቡሹ የት እንደዘገየ፣ የት እንደዞረ ልብ ያለ ሰው ቦታውን ያገኘዋል።

የተገኘውን ሁሉ ከመያዝ ይልቅ መምረጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ትልቋ እንስት ዓሣ ከትንንሾቹ እጅግ የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች፤ እሷን መጨረስ ወንዙን ማምከን ነው። የጣናን ነጭ ዓሣ እንመልከት። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥለው የኖሩት፣ ሳይንቲስቶች 15 ያህል ዝርያ የቆጠሩላቸው እነዚህ ዓሦች፣ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. ዘመናዊው የናይለን መረብ ጣና ገባ። በወንዞቹ አፍ የተዘረጋ መረብ እንቁላል የያዙትን በጅምላ ስለሚያፍስ፣ በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣው መጠን ክፉኛ አሽቆለቆለ። «የጣና አጥማጅ ለእንጀራው ነው የሚያጠምደው፤ በቡሽ ቤተሰብ አይቀለብም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። መረቡን ይጣል አልልም። በመራቢያ ወራት የወንዞቹን አፍ መተው ግን ይቻላል፤ እሱም መርጦ መያዝ ነው።

መንጠቆ የወጋው ዓሣ ቢለቀቅም ይሞታል የሚሉም አሉ። በቀጭን ክር ሲታገል ከዛለ፣ ውሃው ከሞቀ፣ ከሁሉም በላይ መንጠቆውን ወደ ሆዱ ከዋጠ በርግጥ ሊሞት ይችላል። ቡሹ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እንደጠለቀ ወዲያው የሳበ ሰው ዓሣውን ትሉን ሳይውጥ ከንፈሩ ላይ ይይዘዋል። ጠንካራ ክር፣ ጥርሱ የተጨፈለቀ መንጠቆና እርጥብ እጅ ሲታከሉበት አደጋው በጣም ይቀንሳል።

ወደ ቻታሁቺ ስንመለስ፣ ወንዙ ራሱ የዱር ወንዝ ነው ወይ ለሚለው መልሱ «በከፊል» ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ያለቀው የቡፎርድ ግድብ ከላኒየር ሐይቅ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚለቅ በሞቃት አገር ትራውት ኖረ፤ ዛሬ ብራውኑ እዚያው ራሱን ይተካል። የአገሩ ተወላጅ ለሆነው ሾል ባስ ለተባለው ዓሣ ግን ቅዝቃዜው አልተስማማውም። እሱን የፈለገ፣ ከአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ተነስቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ግድብ ወደሚፈሰው ፍሊንት ወንዝ ይውረድ፤ በድንጋያማው ጥልቀት የለሽ ውሃ ቡሹን ወደ መንጠቆው አቅርቦ ይሰር፣ የያዘውንም ይልቀቅ።