ጭሱን ከእሳቱ የሚለይ ቱቦ

የወተት ዕቃ ማጠን የለመደች እጅ አትቸኩልም። ቅሉ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። የደረቀ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ሲያያዝ፣ ነበልባሉ እፍ ተብሎ ይጠፋል። ስንጥሩ ቀይ ጫፉን ይዞ መጨስ ሲጀምር ቅሉ በአፉ ይደፋበታል። ጥቂት ቆይቶ ሲነሣ ውስጡ ሞቅ ብሏል፤ ጠረኑም ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚገባበት ወተት እሳት ሳይነካው የወይራውን ጣዕም ይይዛል። የጠላ ጋንም እንዲሁ ነው፤ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል።

ይህን ያየ ሰው፣ ዛሬ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ግቢዎች ባርቤኪው በሚወዱ ሰዎች ግሪል ላይ የሚጋደመውን አዲሱን የብረት ቱቦ ለመረዳት አይቸገርም። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፦ እንጨቱ ሳይነበለበል እንዲጨስ ማድረግ፤ ጭሱን ከእሳቱ መለየት።

ቱቦው የማይዝግ ብረት ነው። በብዛት የሚሠራው 15 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት ሲሆን፣ ጎኑ ዙሪያውን በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ፣ አንዱ ጫፉ የተደፈነ፣ ሌላው ክፍት ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚንቀሳቀስ አካልም የለውም። ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከጫማ ጎን ሊገባ ይችላል።

የሚሞላበት ነገር ፔሌት ይባላል። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድብልብል ፍሬ ሆኖ የወጣ ነው። ሙጫ አይገባበትም። ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ የራሱ ንጥረ ነገር ይለሰልስና ብናኙን ያጣብቀዋል። ፔሌት መጀመሪያ የታወቀው በቤት ማሞቂያነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነዳጅ ሲወደድ በሰሜን አሜሪካ ተፈላጊ ሆነ። ወደ ማብሰያነት ያሻገረው በኦሪገን ግዛት የሚኖረው ጆ ትሬገር ነው፤ የፔሌት ግሪሉን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1986 አገኘ።

ታዲያ የፔሌት ግሪል እያለ ቱቦው ለምን አስፈለገ? የጋዝ ግሪል ሙቀት እንጂ የእንጨት ጭስ የለውም። የፔሌት ግሪልም ቢሆን ማራገቢያው አየር ስለሚነፋበት እሳቱ ጠርቶ ይነድዳል፤ በተለይ ሙቀቱ ሲጨምር ጭሱ ይሳሳል። ቱቦው የጎደለውን ጭስ ብቻ ይሞላል። ሙቀቱ የግሪሉ፣ ጠረኑ የቱቦው ይሆናል ማለት ነው።

አለኳኮሱ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፔሌቱ ይሞላና ቱቦው ቀስ ብሎ መታ መታ ይደረጋል፤ ነገር ግን አይጠቀጠቅም፣ አየር መተላለፊያ ማግኘት አለበት። ክፍቱ ጫፍ በጋዝ መለኮሻ ይለኮሳል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ነበልባል እንዳየ እፍ ብሎ ያጠፋዋል፣ ጭሱም ከሩብ ሰዓት በኋላ አብሮ ይጠፋል። ነበልባሉ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንደድ አለበት። የፊተኞቹ ፍሬዎች በደንብ ቀልተው ረመጥ ሲሆኑ ብቻ እፍ ይባላል። ያን ጊዜ ረመጡ ከፍሬ ወደ ፍሬ እየተሻገረ ወደ ኋላ ይጓዛል። ባለ 30 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ በደንብ ከተያያዘ እስከ 4 ሰዓት ሊጨስ ይችላል።

በአዲስ አበባ አለኳኮሱ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፤ ለረመጡ የሚደርሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ከተማ 5 ደቂቃ የሚበቃው ቱቦ እዚህ 10 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ፔሌቱን ላላ አድርጎ መሙላት፣ የግሪሉን ክዳን ቀዳዳ ከፈት ማድረግ፣ ቱቦውንም ነፋስ በሚያገኘው ጎን ማጋደም ይረዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፔሌት እርጥበት ሲነካው አብጦ ወደ ሰጋቱራነቱ ይመለሳል፤ በሐምሌ ከረጢቱን በረንዳ ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ብናኝ ነው። ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ባልዲ ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል።

ጭሱ ምን ይዞ ነው ምግቡን የሚለውጠው? ሊግኒን በሙቀት ሲፈራርስ ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ የፌኖል ዓይነቶች ይወጣሉ፤ የጭስ ጠረንና ጣዕም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ከሌላው የእንጨቱ ክፍል የሚወጡት ውሕዶች ደግሞ የሥጋውን ገጽ ወርቃማና ቡናማ ያደርጉታል። ከእነዚህ መካከል ባክቴሪያን የሚያዳክሙ አሉ። የኢትዮጵያ እናቶች የወተት ዕቃ የሚያጥኑት ለጠረኑ ብቻ አለመሆኑን የአገራችን ተመራማሪዎችም በላቦራቶሪ ፈትሸውታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ማይክሮባዮሎጂስት ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት የዕቃ መታጠን እርጎ በሚረጋበት ጊዜ በጀርሞቹ ላይ ያለውን ውጤት የመረመረ ነው።

የእንጨቱ ምርጫ ቸል የሚባል አይደለም። በውጭ አገር ለምግብ የሚሸጠው ፔሌት ከሂኮሪ፣ ከኦክ፣ ከፖም ወይም ከቼሪ እንጨት የተሠራ ነው። ለቤት ማሞቂያ የተሠራው ግን ሙጫ ካላቸው ዛፎች ሊሆን ስለሚችል ለምግብ አይሆንም። በእኛም አገር ጥድና ባሕር ዛፍ ሥጋን ያመርራሉ፤ ቀለም የተቀባ እንጨትና ቺፑድ ደግሞ መርዝ ነው። ወይራ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ረመጡን የሚያቆይ፣ ጠረኑ የሚወደድ እንጨት ነው። ሾላ ገበያ ለቅቤና ለጌሾ የወረደ ሰው የወይራ ስንጥርም አያጣም። ስንጥሩ ብቻውን ቱቦው ውስጥ ከገባ መሐሉ ክፍተት ስለሚበዛበት ወይ ይነበለበላል ወይ ይጠፋል። በጣት ጥፍር ልክ ተሰባብሮ ከፔሌቱ ጋር ሲቀላቀል ግን ረመጡ አይቋረጥም፤ ጠረኑም ወደ አገር ቤት ይቀርባል።

ከሥጋው ብልቶች ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስለው ፍሪምባ ነው። ጡንቻው ብዙ የሠራ፣ ጅማቱ የበዛ ስለሆነ ለጥብስ ይከብዳል፤ ከ107 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ሲቆይ ግን ጅማቱ ቀልጦ ይለሰልሳል። ሥጋው ጭሱን አብዝቶ የሚቀበለው ገጹ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሳለ ነው፤ ቱቦው ቀድሞ መለኮስ ያለበት ለዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የፍሪምባው ውስጥ 95 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ ይላሉ። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 95ን መጠበቅ የሥጋውን ርጥበት አሟጦ ማድረቅ ይሆናል። 88 አካባቢ ሲደርስ በሹካ ወጋ እያደረጉ መሞከር፣ ሹካው ያለ ትግል ሲገባ ማውጣት ይሻላል።

አደጋው በግልጽ መነገር አለበት። ነበልባል የሌለው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ቱቦውም ሆነ የከሰል ማንደጃ በቤት ውስጥ፣ በጋራዥ ወይም በተዘጋ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አይለኮስም። ስብ በቀጥታ ቱቦው ላይ እየተንጠባጠበ ሲቃጠል ደግሞ ለካንሰር የሚያጋልጡ ውሕዶች ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በሆነው ቤንዞፓይሪን ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ ለታጠነ ሥጋ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 2 ማይክሮግራም ነው። ቱቦውን ከሥጋው ሥር ሳይሆን ከጎኑ ማድረግ ቀላሉ መከላከያ ነው። ያለ ሙቀት በጭስ ብቻ ማጠንም ለአይብ እንጂ ለጥሬ ሥጋ ለጀማሪ አይመከርም፤ ሥጋው በአግባቡ በጨው ካልተዘጋጀ ጀርም በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ሰዓታት ያሳልፋል።

ለመጀመሪያ ሙከራ የዶሮ ጭን ይበቃል። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ኮረሪማ ተቀብቶ ገጹ ደረቅ እስኪል ይጠበቃል። የጋዙ አንዱ ጎን ብቻ ተለኩሶ ዶሮው እሳት በሌለበት ጎን ይቀመጣል፣ የተለኮሰው ቱቦ ከጎኑ ይጋደማል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ከክዳኑ ቀዳዳ የሚወጣው ጭስ ወፍራምና ነጭ ከሆነ ረመጡ አየር አጥቷል፤ ምግቡን ያመርረዋል። ቀዳዳው ሰፋ ሲደረግለት እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሰማያዊ መሳይ፣ ዓይን የማያቃጥል ቀጭን ጭስ ይሆናል። ከተደፋ ቅል አፍ ሥር ሾልኮ የሚወጣውም ጭስ ይኸው ነው።