ታጣፊው ምላጭ፦ ከመላጨቱ መሳሉ

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» የሚለው ተረት ከምላጭ የበለጠ ስለት የለም ብሎ ያመነ ሰው የተናገረው ነው። ያበጠው ሁሉ በምላጭ ይበጣል፤ ምላጩ ራሱ ከታመመ ግን ማን ይደርስለታል? የምላጭ ሕመም መዶልዶም ነው፤ መድኃኒቱም ድንጋይና ቆዳ። እዚህ የምናስተዋውቀው ታጣፊውን ምላጭ ነው፤ ከመላጨቱም ይልቅ በመሳሉ ላይ እናተኩራለን። በዚህ መሣሪያ መላጨት አቃተኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያቃተው መሳሉ ነውና።

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያም ሆነ በስማዳና በእስቴ አገር፣ ስለት የባለእጅ ሥራ ነው። ማጭዱን፣ ካራውን፣ ምሳሩን ቀጥቅጦ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ድሮ ምላጩም ከእሱ እጅ ይገኝ ነበር። የሕፃኑን ራስ ቁንጮ አስቀርቶ የሚላጨው፣ የቄሱን ራስ ለጥምጥም የሚያዘጋጀው፣ የሐዘንተኛዋን ፀጉር የሚያነሣው ምላጭ ነበር። ዋግምት አጋሚውም፣ እትብት ቆራጯም፣ ገራዡም የሚይዙት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ቦታውን በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚገዛው ስስ ባለሁለት ስለት ምላጭ ወስዶታል፤ በፀጉር ቤት ደግሞ ቶንዶሱ።

ታጣፊው ምላጭ የተለየ ፍጥረት ነው። ስለቱ እንደ ሰንጢ እጀታው ውስጥ ይታጠፋል። ጀርባው ወፍራም ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከጀርባው ወደ ጠርዙ ሲወርድ ሁለቱም ጎኑ ወደ ውስጥ ስለተሰረጎደ፣ ጠርዙ ዘንድ ሲደርስ ብረቱ እጅግ ይሳሳል። የአሠራሩ ብልሃት ያለው ጀርባው ላይ ነው። ምላጩ ድንጋይ ላይ ጋደም ሲል ጀርባውና ጠርዙ እኩል ያርፋሉ፤ በመካከሉ የሚፈጠረው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የሚደርስ የስለት ማዕዘን ሠሪው አስቀድሞ የወሰነው ነው። ካራ የሚስል ሰው ማዕዘኑን በእጁ መጠበቅ አለበት፤ ምላጭ የሚስል ሰው ግን ጀርባውን ከድንጋዩ አለማንሣት ብቻ ይበቃዋል።

ብረቱም ይለያል። የእንግሊዟ ሼፊልድና የጀርመኗ ዞሊንገን በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው፣ ካርቦኑ አንድ በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ የሆነ ጠንካራ ብረት አግሎ በማቀዝቀዝ ችሎታቸው ነው። የእኛ አገር ባለእጅ ዛሬ በብዛት የሚቀጠቅጠው የመኪና ባሌስትራ ካርቦኑ ከዚያ በግማሽ ገደማ ያንሳል። ለካራና ለማጭድ ሸጋ ነው፤ ቶሎ አይሰበርም። የጺም ስለት ግን ለረጅም ጊዜ አይዝም።

ለመሆኑ ከፀጉር ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚጠነክር ብረት በፀጉር እንዴት ይዶለዱማል? እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን በማይክሮስኮፕ አይተው በ«ሳይንስ» መጽሔት አሳትመዋል። ፀጉሩ ጠርዙን ፍቆ አይጨርሰውም። ፀጉሩ ዘመም ብሎ ሲቆረጥና የብረቱ የውስጥ አወቃቀር ወጥ ሳይሆን ሲቀር፣ ጠርዙ በጥቃቅኑ ይሸረፋል። ምላጭ የሚስል ሰው የሚጠግነው እነዚህን በዓይን የማይታዩ ሽራፊዎች ነው።

ድንጋዮቹ በልስላሴያቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል። 1000 ቁጥር ስለቱን ከሥሩ ያወጣል፤ 4000ና 8000 የመጀመሪያው ድንጋይ የተወውን ጭረት ያለሰልሳሉ፤ 12000 ያበራዋል። ድንጋዩ አስቀድሞ ፍጹም ሜዳ መሆን አለበት። በመሐሉ የጎደጎደ የማጭድ መሳያ ለምላጭ አይሆንም። ድንጋዩ ውኃ ይጠጣል፣ ምላጩ ይጋደማል፣ ጠርዙን አስቀድሞ ወደ ፊት ይገፋል። ክንድ አይጫነውም። ዳር ሲደርስ በጀርባው ይገለበጣል እንጂ በጠርዙ አይዞርም። ሥራው መያዙን ውኃው ራሱ ይናገራል። ጠርዙ ገና ዱልዱም ሳለ ውኃውን ከፊቱ እየገፋ ይሄዳል፤ ስለት ሲያወጣ ግን ከውኃው ሥር ገብቶ ይቆርጠዋል፣ ውኃውም ምላጩ ላይ ይወጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ካልወጣ ያልተሳለ ቦታ አለ ማለት ነው። 1000 ቁጥር ላይ የክንድ ፀጉር የማይላጭ ምላጭ ወደ ለስላሳው ድንጋይ ማለፍ የለበትም። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ያልወጣን ስለት ሊያበራ ይለፋል።

ከድንጋይ ቀጥሎ ቆዳ ነው። አልጋ የሚጠፈርበት ጠፍር ጥሬ ስለሆነ አይሆንም፤ በደንብ የለፋ፣ ልሙጥ፣ መዳፍ የሚሸፍን ስፋት ያለው ቆዳ ይፈለጋል። እዚህ አካሄዱ ይገለበጣል። ጀርባው ይቀድማል፣ ጠርዙ ይከተላል፤ ጠርዙ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ቆዳው ከላላ ደግሞ ጠርዙ ላይ እየተጠቀለለ ስለቱን ያደበዝዘዋል። ድንጋይ ምላጩን የሚያየው በወራት አንዴ ነው፤ ቆዳ ግን መላጨት ባለ ቁጥር፣ ከሠላሳ እስከ ስልሳ ምልልስ።

የመላጨቱ ትምህርት ከዚህ በኋላ አጭር ነው። ጺሙ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ሞቅ ባለ ውኃ ይርሳል፤ ውኃ የጠጣ ፀጉር ለመቆረጥ ይቀላል። ሳሙናው አረፋ ይሆናል፣ ቆዳው በሌላው እጅ ይወጠራል፣ ምላጩ በ30 ዲግሪ ገደማ ዘመም ብሎ በጺሙ አበቃቀል አቅጣጫ ይወርዳል። ወደ ጎን መሳብ የለም፤ እንዲያ ከሆነ መላጨቱ ቀርቶ መቁረጥ ይሆናል። ጀማሪ ጉንጩን ብቻ ይላጭ፤ አገጭና ከአፍንጫ ሥር ያለው ለኋላ ይቆየው።

ጺሙ ጥቅልል የሆነ ሰው ግን አንድ ጥንቃቄ ይጨምራል። ቆዳው አብዝቶ ተወጥሮ ከሥር የተቆረጠ ጥቅልል ፀጉር ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ሲያድግም ቆዳውን ወግቶ አንገት ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ያመጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው ቀለል ያለ ውጠራና አንድ ዙር በአበቃቀሉ አቅጣጫ ይበቃል፤ እብጠቱ ከባሰበት ቶንዶስ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀረው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 መሸጥ ሲጀምር የተሸጠለት 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓለም የማይሳል፣ ሲዶለዱም የሚጣል ምላጭ ለመደ። ይህ ለጤናም በጀ። ኤች አይ ቪ በአገራችን ከታወቀ ወዲህ ስለታም ነገር አትጋሩ የሚለው ምክር ከየጤና ጣቢያው ተሰምቷል፤ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት የሚችል ቫይረስ ነው። ደንበኛ በደንበኛ ላይ የሚፈራረቅበት ፀጉር ቤት ምላጭ ሊቀይር ይገባል፤ ሁሉን በአንድ ታጣፊ ምላጭ ላስተናግድ ቢል በሽታ አስተላላፊ ይሆናል፤ ምላጩን በጨርቅ መወልወልም አያጸዳውም።

ስለዚህ ታጣፊው ምላጭ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ ለወንድምም አይዋስም። ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከምላጩ በፊት በድንጋዩና በቆዳው ላይ ያውጣ፤ ልምምዱንም በዕለት ካራው ይጀምር። ካራውን ያለ ጭረት የሳለ እጅ ወደ ምላጩ ሲሸጋገር አይቸገርም፤ መሳል የማይወድ ሰው ደግሞ የሱቁ ምላጭ ይበቃዋል።