ጎረቤቴ የሰጠችው ድምፅ የት ገባ?

ባለፈው እሑድ ከዕድር ስብሰባ ወጥተን ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ተቀመጥን። «የመረጥኩት ሰው አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም፤ ከእንግዲህ ካርድ አላወጣም» አለች። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ከታጠበው ቡና አሥር ፍሬ አነሳሁ። አራቱን ለአንድ ዕጩ፣ ሦስት ሦስቱን ለሌሎች ሁለት ሰጠሁ።

«ማን አሸነፈ?»

«ባለ አራቱ።»

«ስድስቱስ?»

«ሜዳ ቀሩ!»

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 የሚለው ይህንኑ ነው፤ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ሁሉንም። ሌላውን የመረጠ ሰው ጠፍቶ ነው? ጎረቤቴ እኮ አንዷ ናት።

በተመጣጣኝ ውክልና ከመቶ ሠላሳ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ከመቶ ሠላሳ ያህል ወንበር ይደርሰዋል። እኔስ ጀርመኖች እንደሚያደርጉት ሁለቱን የሚያጣምረው ቢሆን እመርጣለሁ፤ አቤት የምለው የአካባቢዬ ሰው እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

ለውጡ ግን ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለባቸው። ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው «ተጠጋልኝ» እንደ ማለት ነው፤ ከታች ካልተጠየቀ በራሱ አይጠጋም። ለዚህ ነው በየቡናው ላይ የምለፈልፈው።

ጎረቤቴ ካርድ ታወጣ እንደሆነ አልነገረችኝም። «ባለቤቴ ሲመጣ ደግመሽ ቁጠሪለት» ብላ አሥሩን ፍሬ ለብቻ አስቀመጠች።