ምዕራፍ አምስት፦ ካለው ላይ መጨመር

መንግሥት ለድሃ ሰፈር ኪነ ጥበብ ገንዘብ ልመድብ ሲል ቀድሞ የሚታየው ሕንፃ ነው። ሕንፃ ፎቶ ይነሣል፤ ሪባን ይቆረጥለታል። የብራዚል የባህል ሚኒስቴርም በከተሞች ዳርቻ ተገጣጣሚ የባህል ማዕከላት ሊተክል አቅዶ ነበር። ሚኒስትሩ ዝነኛው ሙዚቀኛ ጂልቤርቶ ጂል ነበር። ከምረቃው በኋላ ማን ይሠራበታል? የሠራተኛውን ደመወዝስ ማን ይከፍላል? ዕቅዱ ለዚህ መልስ አልነበረውም። በየሰፈሩ ግን ካፖይራ የተባለውን የብራዚል የትግል ጭፈራ የሚያስተምሩ፣ ቲያትር የሚያዘጋጁ፣ ከበሮ የሚመቱ ማኅበራት ቀድሞም ነበሩ፤ ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት በመዋጮና በጥቂት ሰዎች ጉልበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 ጂል ወደ ሚኒስቴሩ ያመጣው ሴሊዮ ቱሪኖ ዕቅዱን ገለበጠው። ሕንፃው ቀረና ነባሮቹ ማኅበራት በውድድር ተመርጠው «የባህል ነጥብ» ተባሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም በየጊዜው ተከፋፍሎ የሚደርስ እስከ 185,000 ሬያል ተመደበ። ከዚህ ላይ የተወሰነው ለኮምፒውተርና ለድምፅና ምስል መቅረጫ እንዲውል ተደረገ። ለእኔ የፕሮግራሙ ብልኅነት እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ በወንጀል ዜና ብቻ ይነሣ የነበረ ሰፈር ስለ ራሱ የሚናገርበትን መሣሪያ በእጁ አስገባ። በኋላም የቃል ታሪክና የሙያ ዐዋቂ አረጋውያን አበል እየተከፈላቸው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ተደረገ።

ፈተናው የመጣው ከደረሰኝ ነው። ሒሳብ የሚወራረድበት ሕግ የተጻፈው የሒሳብ ሹምና ጠበቃ ያላቸውን ትልልቅ ተቋማት በማሰብ ነበር። ከበሮ ጠጋኙ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? (ለአንዲት ጠረጴዛ ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበስብ የዋለ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል።) ክፍያው ዘገየ፤ ሥራቸውን በአግባቡ የሠሩ ማኅበራት ሳይቀሩ በወረቀት ጉድለት ተጠያቂ ሆኑ። ሊያጠናክራቸው የመጣ ገንዘብ ዕዳ ሆነባቸው ማለት ነው። ስለ ኪነ ጥበብ ድጎማ ስናወራ ስለ በጀቱ መጠን እንከራከራለን እንጂ ይህን ጉዳይ እምብዛም አናነሣም።

በ2014 የወጣው ሕግ ፕሮግራሙን ከአንድ ሚኒስትር በጎ ፈቃድ አውጥቶ ቋሚ የመንግሥት ፖሊሲ አደረገው። የሒሳብ ማወራረጃውም ቀለለ፤ ዋናው ጥያቄ የታቀደው ሥራ ተሠርቷል ወይ የሚለው ሆነ። ሕጋዊ ሰውነት የሌላቸው ቡድኖችም ዕውቅና የሚያገኙበት በር ተከፈተ።

በ2019 የባህል ሚኒስቴሩ ራሱ ፈረሰ። ሕጉ ግን አልተሻረም። በቀጣዩ ዓመት፣ ኮሮና መድረኮችን ሁሉ ሲዘጋ፣ ምክር ቤቱ በወረርሽኙ በሞተው የዘፈን ግጥም ደራሲ በአልዲር ብላንክ ስም በተሰየመ ሕግ ለአርቲስቶችና ለባህል ቦታዎች 3 ቢሊዮን ሬያል ፈቀደ። ገንዘቡ የተላከው በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች በኩል ሲሆን፣ አንዳንዶቹ አስተዳደሮች የባህል ክፍል እንኳ አልነበራቸውም። ሚኒስቴሩ የተመለሰው በ2023 ነው።