የገላችን ዕቃዎችና ሥራቸው፤ ለሐይቅና ለአምባሰል እናቶች የተጻፈ

እናቶች ሆይ! ለዓረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ ሲታረድ፣ አባወራው ቢላዋውን ጠርጎ ከተቀመጠ በኋላ የሚቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ሆድ ዕቃውን ተቀብላችሁ ጨጓራውን ከሽንፍላው ትለያላችሁ፤ ሐሞቱ እንዳይፈስ ተጠንቅቃችሁ ከጉበቱ ታነሣላችሁ፤ አንጀቱን ገልብጣችሁ ታጥባላችሁ፤ ልቡ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱና ጣፊያው የት የት እንዳሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታውቃላችሁ። የዶሮዋንም አሥራ ሁለት ብልት ያለ ስሕተት ማውጣት ያቃታት ሙሽራ በአማቷ ፊት አንገቷን እንደምትደፋ የታወቀ ነው። እንግዲህ እኔ በኮሌጅ ብዙ ወራት የተማርሁትን የአካል ትምህርት እናንተ ግማሹን በማጀታችሁ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። የሚቀራችሁ እያንዳንዱ ዕቃ በሕይወት ሳለ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ይህች ጽሑፍ የተዘጋጀችውም ለዚሁ ስለሆነ፣ ማንበብ የምትችል ልጅ ካለች ቡና ሲፈላ ታንብብላችሁ።

በበግና በሰው ሆድ ዕቃ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይህ ነው። በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ ሆዱ አራት ክፍል አለው፤ የሰው ጨጓራ ግን አንድ ብቻ ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበትና ኩላሊት ግን በሥራቸው በጣም ይመሳሰላሉ።

የሰውን ገላ እንደ ጎጆ ቤት ብናስበው ምሰሶው የጀርባ አጥንት፣ ማገሩ የጎድን አጥንት፣ ጭቃው ሥጋችን፣ ልስኑም ቆዳችን ነው። የጎልማሳ ሰው አጥንት ቢቈጠር 206 ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ወደ 300 የሚጠጋ አለው፤ ይኸውም ብዙዎቹ ቆይተው እርስ በርሳቸው ስለሚገጥሙ ነው። የሕፃኑ የራስ ቅል አጥንትም ገና ስላልገጠመ፣ አናቱ ላይ እርግብግቢቱ ስትርገበገብ ትታያለች። እርግብግቢት ቁስል አይደለችም፤ ቅቤ ብትቀቡባትም ባትቀቡባትም አእምሮው ማደጊያ ቦታ ካገኘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዓመት ተመንፈቅ ድረስ ራሷ ትገጥማለች። ይህችን እርግብግቢት አስታውሷት፤ ዝቅ ብለን እንመለስባታለን።

በማገሩ ውስጥ፣ ማለት በደረት ውስጥ፣ ልብና ሳንባ ይገኛሉ። ከሆድ የሚለያቸው እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ቀጭን ሥጋ ነው። ልብ የባለቤቱን ጭብጥ ያህላል፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ደግሞ 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። በጎልማሳ ገላ ውስጥ ያለው 5 ሊትር ያህል ደም ሁሉ በእርሱ እየተገፋ፣ የመስኖ ውሃ በቦይ እንደሚሄድ በደም ሥር ይዘዋወራል። ከሳንባ አየር፣ ከአንጀት ምግብ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ብልት ያድላል።

ሳንባ የቀጥቃጭ ወናፍ ነው። ሲነፋ ንጹሕ አየር ያስገባል፣ ሲሟሽሽ የተቃጠለውን ያስወጣል። በጢስ በታፈነ ቤት ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ ስትጋግር የምትውል እናት፣ ከጀርባዋ ያለው ወናፍ ከእርሷ ይበልጥ በጢስ እንደሚጎዳ ትወቅ። ደጋው ብርድ ስለሆነ በርና መስኮት ዝጉ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት ልጁን ሌላ ሰው ውጭ ይዞት ቢቆይ ይሻላል። ወናፉ መታመሙን ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ ሳያለቅስ ረግቶ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደ ጉሮሮ እንግባ፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከምላስ በስተኋላ ሁለት ቧንቧ አለ፤ የፊተኛው የትንፋሽ፣ የኋለኛው የምግብ ነው። ስንውጥ በትንፋሹ ቧንቧ ላይ ትንሽ ክዳን ትገጥማለች። ከላይ ደግሞ የላንቃው ጫፍ ከእንጥሉ ጋር ወደ ኋላ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን በር ይዘጋል። ውሃ ስትጠጡ ሳቅ ቢያመልጣችሁ ውሃው በአፍንጫ የሚመጣው ይህ በር ሳይዘጋ ስለሚቀር ነው። ስለዚህ እንጥል እንደ ጣትና እንደ ጆሮ ሁሉ ማንም ሰው ይዞት የሚወለድ ብልት ነው። ስንደነግጥ «እንጥሌ ዱብ አለ» ብንልም፣ እንጥል የሚወርድ ወይም የሚወድቅ ነገር አይደለም። ጉሮሮ ሲቆጣ ያብጥ ይሆናል፤ ቁጣው ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አንድ ክረምት አንዲት አያት ዓመት ተመንፈቅ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን በአንቀልባ አዝለው ከአምባሰል ደጋ ወርደው መጡ። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ ጡት እንቢ ብሏል፣ ለሃጩም ደም ቀላቅሏል። «ምን ነካው እማማ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሳሉ ሲጠናበት ጊዜ እንጥሉ ወርዶበት ነው ብለን ከትናንት ወዲያ አስቆረጥነው፤ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት» አሉኝ። ትንፋሹን ብቆጥር በደቂቃ 58 ሆነ። ሕመሙ የሳንባ ምች ነበር። ያመመው ወናፉ ሆኖ ሳለ የተቆረጠው የበሩ መጋረጃ ነው! መድኃኒቱን ጀምረንለት ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ ልጁም ተረፈ። ልሸኛቸው ስል «ከእሱ በፊት የነበረውም ተቆርጦ ነበር» አሉኝ። «እሱስ?» አልኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ እንጂ አልመለሱልኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

የእኔም እንጥል በሕፃንነቴ ተቆርጧል። ያስቆረጡት አያቴ ከማንም አብልጠው የሚወዱኝ ሰው ስለነበሩ፣ በማንም እናት ላይ ጣቴን አልቀስርም። ነገር ግን መቁረጫው ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው የሚሄድ ስለሆነ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ብግነትና የኤች አይ ቪ መተላለፊያ ይሆናል፤ ደሙም ሳይቆም የሚቀርበት ጊዜ አለ። የግግ ጥርስ መንቀልም እንዲሁ ነው። ሕፃን ጥርስ ማብቀል የሚጀምረው በስድስት ወሩ ገደማ ነው፤ በዚያው ወራት መዳኽና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ስለሚጀምር ተቅማጥ ይይዘዋል። ጥርሱና ተቅማጡ አብረው መጡ እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም። ድዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው እብጠት 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከሚበቅሉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከሥሩም የኋለኛው ጥርስ ዘር ስላለ፣ የሚነቅል ሰው ሁለቱን ያበላሻል። እነዚህን ነገሮች በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 እና 562 በስማቸው እየጠራ፣ ልጅ ቢሞት ወይም ቢጎዳ እንደሚያስቀጡ ደንግጓል።

ከጉሮሮ ወርደን ወደ አንጀት እንምጣ። በቋንቋችን ርኅራኄም ኀዘንም የሚቀመጠው በአንጀት ነው፤ «አንጀቴን በላው» እንላለን። አንጀት ግን ዋናው ሥራው ምግብንና ውሃን ወደ ደም ማስገባት ነው። በጥርስ የተፈጨው ምግብ በጨጓራ ተቦክቶ፣ 6 ሜትር በሚያህለው ቀጭን አንጀት ውስጥ እያለፈ ወደ ደም ይገባል። ከእርሱ በኋላ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህለው ወፍራም አንጀት የቀረውን ውሃ ይመጣል። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት «ሥርዓተ ልመት» ብለው የሚያጠኑት ይህንኑ ነው። የሚያስደንቀው የውሃው ብዛት ነው። በጎልማሳ አንጀት ውስጥ በቀን 9 ሊትር ያህል፣ ማለት የባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊሆን ጥቂት የጎደለው ፈሳሽ ያልፋል። የምንጠጣውና የምንበላው ይዞ የሚመጣው 2 ሊትር ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ምራቅ፣ ሐሞት፣ ጨጓራና ራሱ አንጀቱ ያመነጩታል። ከዚህ ሁሉ ግን ከዐይነ ምድር ጋር የሚወጣው ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው፤ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል።

ተቅማጥ ማለት እንግዲህ ይህ መመለሻ መንገድ ተበላሸ ማለት ነው። የአዲስ ሕፃን ገላ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲፈስ የሚያልቀው በሰዓታት ነው። «አንጀቱ ይድረቅ» ተብሎ ውሃና ጡት የሚከለከል ልጅ የሚደርቀው አንጀቱ ሳይሆን ደሙ ነው! ደሙ ሲያንስ ልብ የምትገፋው ታጣለች፤ ደምን እንደ ወንፊት አጥርተው ሽንት የሚያወጡት ሁለቱ ኩላሊቶችም ሥራ ይፈታሉ። ስለዚህ ልጁ ስድስት ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ያች እርግብግቢቱም ከጎደጎደች፣ ውሃው እያለቀ ነውና ወደ ጤና ድርጅት አጣድፉት።

እስከዚያው ግን እጃችሁን አታጥፉ። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ፣ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የሚባለውን፣ አንዱን ጥቅል ሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከሁለት ዓመት በታች ያለው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ሲኒ ያህል በማንኪያ ቀስ እያለ ይጠጣ። ቢያስመልሰው አብሽሩ፤ አሥር ደቂቃ ታግሣችሁ ዳግም ጀምሩ። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ዚንክ የሚባለው እንክብል ከተሰጣችሁ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ሐኪሙ የነገራችሁን ቀን ያህል (ከ10 እስከ 14 ቀን) ጨርሱት። ጡቱን ግን ለአንድ ሰዓትም አትከልክሉት።

ጨውና ስኳር ብቻ ምን ያደርጋል የሚል አባወራ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጀት ግድግዳ ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ በሩን ይከፍትላቸዋል፤ ውሃም ተከትሎ ይገባል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከቤንጋል ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች ሰፈር ኮሌራ ሲነሣ፣ የመርፌው መድኃኒት ስላለቀ ሐኪሞች ይህንኑ ብጥብጥ ለቤተ ሰዎቻቸው እየሰጡ ያጠጧቸው ጀመር። ከ100 ታማሚ 30 ያህል ይሞት የነበረው ወደ 4 ወረደ።

ከአንጀት የተነሣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ አስቀድሞ በቀኝ ጎናችን ባለው በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት ምግቡን ያከማቻል፣ መርዙን ያጠፋል፣ ሐሞትንም ያዘጋጃል። በእኛ አካባቢ ይህን ብልት በተለይ የሚያጠቃ አንድ ጠላት አለ፤ እርሱም ቢልሃርዚያ ነው። በሐይቅ ከተማ አካባቢ በተማሪዎች ላይ በምርመራ የተገኘ በሽታ ነው። ትሉ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ በጅረት ዳር የሚዋኝና ልብስ የሚያጥብ ሰው ቆዳ ሳይቆስል በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። በደም ወደ ልብና ወደ ሳንባ፣ ከዚያም ወደ ጉበት ተጕዞ ያድጋል፤ በአንጀት የደም ሥርም ተቀምጦ እንቁላል ይጥላል። ከእንቁላሉ ከፊሉ በደም ተገፍቶ ጉበት ላይ እየቀረ ጠባሳ ያደርገዋል፤ ከዓመታት በኋላ ሆድ ይነፋል። ከፊሉ ደግሞ ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል። ሰው በጅረት ዳር ከተጸዳዳ ዝናቡ ወደ ውሃው፣ ወደዚያው ቀንድ አውጣ ይመልሰዋል። መጸዳጃ ጉድጓድ ያላት ቤት ይህን ዙር በአንድ ቦታ ትቆርጠዋለች ማለት ነው። በትምህርት ቤት የሚታደለውን ክኒን ልጆች ምግብ በልተው ይዋጡት፤ አትከልክሏቸው።

ስለ ጉበት ካነሣን አይቀር፣ እትብትም የሚሄደው ወደዚሁ ብልት ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ምግብና አየር የተቀበለው የራሱ ደም በእትብቱ ሥር አልፎ ወደ ጉበቱ ይገባ ነበር፤ ከተወለደም በኋላ ይህ መንገድ ወዲያው አይደፈንም። ስለዚህ በተቆረጠ እትብት ላይ እበት ማድረግ እበቱን ደም ውስጥ እንደ መጨመር ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ነገር በእበትና በአፈር ውስጥ ይኖራልና። እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትውሰድ፤ የሚነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከጤና ባለሙያ ካልተሰጠ በቀር ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት ሳይነካው ደረቅ ሆኖ ይቆይ። በራሱ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ጠውልጎ ይወድቃል።