ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ መሬት አይቆነጥጥም

ከሮም በስተሰሜን፣ በፍላሚኒያና በቲቤሪና መንገዶች መካከል፣ በቱፎ አለት ላይ በተቀመጠችው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ እንደ ብዙዎቹ የጣሊያን ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ በየበሩ የሚታየው መኪና ትንሽ ነው፤ ፓንዳ፣ ፑንቶ፣ ያሪስ። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ወጣት ገንዘቡ ሳይበረክት ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ መኪናውን ዝቅ ማድረግ ነው። ምኞቱን የሚደግፍ እምነትም አለ፦ ዝቅ ያለ መኪና መሬት ይቆነጥጣል፣ ኩርባ ላይ አያጋድልም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ለዚህ ሁሉ ደግሞ የብረት መቁረጫና ግማሽ ቀን ይበቃል። ከዚህ እምነት ውስጥ እውነት የሆነች ትንሽ ክፍል አለች። የቀረው የተሠራው በእሷ ላይ ነው። ሞላ ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ትንሿን መኪና ጥሩ የሚያደርጋትን ነገር ከእጇ ይቀማታል ብዬ እከራከራለሁ።

በእውነተኛዋ ክፍል ልጀምር። መኪና ሲታጠፍ ከውስጠኛው ጎማ ላይ ሸክም ይነሣና ወደ ውጭኛው ይሄዳል፤ የሚሄደው መጠን በክብደት ማዕከሉ ከፍታ ይወሰናል። 1000 ኪሎ የሚመዝን፣ የግራና የቀኝ ጎማው 1.42 ሜትር የሚራራቅ፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና እንውሰድ። ኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 70 በመቶ ቢያህል፣ ወደ ውጭኛዎቹ ጎማዎች የሚዛወረው ሸክም 271 ኪሎ ገደማ ነው። መኪናውን በ35 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብናደርገው 254 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ 17 ኪሎ፣ ማለትም 6 በመቶ ነው። ጥቅም አይደለም አልልም፤ ነገር ግን ያለቀ ጎማን በአዲስ መቀየር ከሚሰጠው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የነዳጁ ቁጠባም ያው ነው፤ የአየር ተቃውሞ የሚከብደው በአውቶስትራዳ ፍጥነት እንጂ በመንደር መንገድ ላይ አይደለም።

አሁን ጎማውን ፈትተን ከሥር እንመልከት። በፓንዳም በፑንቶም በያሪስም የፊት ጎማ የሚያያዘው በላይ በኩል ሞላውን በተሸከመው ሾክ፣ በታች በኩል ደግሞ በአንድ ብራቾ (የብረት ክንድ) ነው። መኪናው በፋብሪካ ቁመቱ ሲቆም ብራቾው ከሻንሲው ተነሥቶ ወደ ጎማው በትንሹ ዘቅዘቅ ይላል። ይህ ዘቅዘቅታ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ መኪናው ሲያጋድል አካሉ የሚዞርበትን ነጥብ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። አካሉ በ35 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ብራቾው ይጋደማል፣ እንዲያውም ወደ ጎማው በኩል ቀና ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የመዞሪያው ነጥብ ከክብደት ማዕከሉ በባሰ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ ማንሻ ስለሚሠራ፣ ርቀቱ ሲረዝም አካሉን የሚያጋድለው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳይለወጥ ዝቅ ብቻ የተደረገ መኪና ኩርባ ላይ ከቀድሞው የበለጠ ሊያጋድል ይችላል። በሥርዓት የተሠራ የማውረጃ ሞላ ጠጠር ያለ እንዲሆን የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሞላ የሚቆርጥ ሰው በዚህ ላይ ጥሩ የሚመስል መልስ አለው፦ የተቆረጠ ሞላም እኮ ይጠጥራል። ልክ ነው፣ ይጠጥራል። ጥያቄው በቂ ነው ወይ የሚለው ነው። ስድስት የሚሠሩ ቀለበቶች ያሉት ሞላ ከመኪናው በታች ተጨምቆ 21 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ቀለበት ሲቆረጥ መኪናው በ35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጥንካሬው ደግሞ፣ ቀለበቶቹ ከስድስት ወደ አምስት በመውረዳቸው፣ በ20 በመቶ ይጨምራል። ጎማው ሾኩ ላይ ያለውን የላስቲክ መመከቻ ሳይመታ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ 80 ሚሊ ሜትር ከነበረ፣ አሁን የቀረው 45 ነው። ሞላ የሚውጠው የመንገድ ምት በተጨመቀበት ርቀት ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ያንኑ ምት በ45 ሚሊ ሜትር ለመዋጥ ጥንካሬው ከሦስት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። እኛ ያገኘነው 1.2 እጥፍ ነው። የቀረውን የሚቀበለው ላስቲኩ ነው፤ ከላስቲኩ ቀጥሎ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ቀጥሎ የተሳፋሪው ወገብ። ኩርባ መሐል ላይ ላስቲኩ ከተመታ ደግሞ የዚያ ጎማ ሸክም በቅጽበት ይዘልና ጎማው መሬቱን ይለቃል። መሬት ይቆነጥጣል የተባለው መኪና የሚንሸራተተው እዚህ ላይ ነው።

የመቁረጥ ጉዳት የርቀቱ ማጠር ብቻ አይደለም። የሞላ ጫፍ በመቀመጫው ላይ እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ አይገጥምም። የኋላው ሞላ በእነዚህ መኪናዎች ላይ በቦታው የሚቆየው በመኪናው ክብደት ነው፤ ካጠረ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ወይም መኪናው በክሪክ ሲነሣ ሊላቀቅ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማውረድ ከዚህም የከፋ ነው። የሞላ ብረት ጠባዩን ያገኘው በጥንቃቄ በተለካ ሙቀት ተነክሮና ተመልሶ ስለሆነ፣ በነበልባል ሲሞቅ ያ ጠባይ ይጠፋል፤ በወራት ውስጥ ይተኛል ወይም ይሰበራል። የፊቱን ሞላ ያለ መጨመቂያ መሣሪያ ለመፍታት መሞከርም ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው።

የውድድር መኪናዎችስ መሬት የሚልሱ አይደሉም ወይ? ናቸው። ከካስቴልኑቮ ብዙም በማይርቀው ካምፓኛኖ ዲ ሮማ፣ በፒዬሮ ታሩፊ ስም በሚጠራው የቫሌሉንጋ የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ ዝቅ ያሉ መኪናዎች ይሮጣሉ። ያ ሜዳ ግን 4 ኪሎ ሜትር ከ85 ሜትር የሆነ፣ ለእሽቅድምድም ተብሎ የተነጠፈ አስፋልት ነው። እዚያ የሚሮጥ መኪና ሞላው፣ ሾኩ፣ የብራቾው መያዣ፣ የጎማው ማዘንበያ ሁሉ አብሮ ተለውጧል፤ ዝቅታው የሥራው ውጤት እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ወደ አሮጌው ከተማ የሚወጣው መንገድ ግን ዳገት፣ ጠባብ ኩርባና ጥገና የበዛበት ነው። የጣሊያን የመንገድ ደንብ የፍጥነት ገደቡ 30 በሆነበት ቦታ እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ እንዲሠራ ይፈቅዳል። 4.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ የቀረውን ሞላ ይዞ በዚያ ላይ በየቀኑ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይመዝነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ቪትዞች ከሞላው ላይ ማስነሻ እያስገቡ መኪናቸውን ከፍ የሚያደርጉት በመንገዱ ምክንያት ነው፤ እነሱም ቢሆኑ የብራቾውን አቀማመጥ እያበላሹ ነው፣ ግን ቢያንስ ጥያቄውን ከመንገዱ ጀምረዋል።

«ዓመት ሙሉ ነድቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር በቅንነት የሚነገር ስለሆነ በቅንነት መመለስ አለበት። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ከወረደ በኋላ አላይመንት ያልተሠራለት መኪና ጎማውን ከውስጥ በኩል ይበላዋል፤ ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ እጅ ከጀርባ ገብቶ ሲዳስስ ግን ሽቦው ሊገኝ ይችላል። ቴስቲኒና ጎሚኒ የሚባሉት መጋጠሚያዎችና ላስቲኮች ባልተሠሩበት ማዕዘን ሲሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። ፊቱ ብቻ ከወረደ መብራቱ መንገዱን ትቶ አፍንጫው ሥር ያበራል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ብዙውን ሳያስተውለው ሊቀር ይችላል። አራት ሰውና ሻንጣ ተጭኖ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ ግን የቀረችው የሞላ ርቀት ታልቃለች።

ሕጉም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የጣሊያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 78 የመኪናን አሠራር የሚለውጥ ማሻሻያ ሞቶሪዛሲዮኔ በሚባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ቀርቦ እንዲመረመርና ሊብሬው ላይ እንዲመዘገብ ያዛል። ሳያስመዘግብ የተገኘ ከ400 ዩሮ በላይ ይቀጣል፤ ሊብሬውም ይነጠቃል። የየጊዜውን ምርመራ አልፌያለሁ ማለት መከላከያ አይሆንም፤ መኪና ከተመዘገበ በ4 ዓመት፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ የሚደረገው ምርመራ ያልተመዘገበን ለውጥ ሕጋዊ አያደርግም። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ከፍሎ፣ በውሉ መሠረት ገንዘቡን ከባለ መኪናው ሊጠይቅ ይችላል። በርካሽ የተቆረጠ ሞላ የቤተሰብ ዕዳ ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

መልኩን ስለምወደው ነው የሚል ሰው ካለ አልነቅፈውም፤ ውበት መውደድ ነውር አይደለም። እሱ ገንዘብ ይቆጥብና ለመኪናው ሞዴል ተብሎ የተሠራ፣ ሰነድ ያለው ሙሉ የሞላ ስብስብ ይግዛ፤ ከመግዛቱ በፊት ግን ሰነዱን ይዞ ሞቶሪዛሲዮኔ ይቀበለው እንደሆነ ይጠይቅ፣ ምክንያቱም በጀርመን ያለፈ ወረቀት ጣሊያን ውስጥ በራሱ አይበቃም። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር በሆነ ዝቅታ ይወሰን፣ ያረጀ ሾክ ካለው አብሮ ይቀይር፣ በዚያው ቀንም አላይመንት ያሠራ።

መኪናዬ ኩርባ ላይ እንድታስተማምነኝ እፈልጋለሁ፣ ያለኝ ገንዘብ ግን ትንሽ ነው ለሚለው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ በበር ምሰሶው ላይ ወይም በመመሪያው በተጻፈው ልክ ያስሞላ፤ ቀጥሎ ደህና ጎማ፤ ቀጥሎ አዲስ ሾክ፣ ያለቁ ጎሚኒዎችን መቀየርና አላይመንት። ይህን ሁሉ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ሞላውን እንዳለ ይተወው።