የመሪ ዘይት የሚያንጠባጥብ አይሱዙና በመንገድ የሚቀረው ኪሎ

ከሃሮ ባኬ ወይም ከዱብሉቅ ገበያ የተገዛ ሰንጋ አዳማ ወይም ሞጆ አካባቢ ካለ ማድለቢያ እስኪደርስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪና ላይ ቆሞ ይጓዛል። ነጋዴው ከመጫኑ በፊት ስለ ኪራዩ፣ ስለ ኬላው፣ ስለ ጤና ማረጋገጫው፣ ስለ ናፍጣው ይጠይቃል። መኪናውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ደላላ ነው። ነጋዴው ጎማውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ያልፋል እንጂ ወደ መሪ ዘይት ማጠራቀሚያው አንገቱን አያሰግግም። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያች ትንሽ ዕቃ ማንሳት የፈለግኩት፣ እዚያ ውስጥ የሚጎድለው ዘይት መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ በሚጎድል ሥጋ ስለሚከፈል ነው።

ከብት የሚጭኑት አይሱዙዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፣ ወደፊትም ማርጀታቸው አይቀርም። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በተለይ ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። በኬንያ በኩል ከ8 ዓመት በላይ የሆነው ያገለገለ መኪና ወደ አገር አይገባም፤ ቀድሞ የገባው ግን በሞያሌና በማርሳቢት መንገድ ላይ አሁንም ፍየልና ግመል ይጭናል። ስለዚህ "አዲስ መኪና ተከራዩ" የሚለው ምክር ለአብዛኞቻችን ምክር አይደለም። ያለው ምርጫ አሮጌውን አውቆ መከራየት ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። የመሪ ዘይት እንደ ናፍጣ አይቃጠልም፣ እንደ ሞተር ዘይትም በሥራ ብዛት አያልቅም። ፓምፑ ይገፋዋል፣ የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ሹፌሩን ያግዛል፣ ተመልሶ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል። ዙሩ ዝግ ነው። ዘይቱ ከቀነሰ አንድ ቦታ ይወጣል ማለት ነው። "ይህ መኪና ዘይት ይጠጣል" የሚል ሹፌር እውነቱን የነገረን ግማሹን ነው።

ስንት ይወጣል? በየ5 ሴኮንዱ አንዲት ጠብታ እንበል። በደቂቃ 12 ጠብታ ይሆናል። ጠብታዋ 0.05 ሚሊ ሊትር ብትሆን በሰዓት 36 ሚሊ ሊትር፣ በ14 ሰዓት ጉዞ ደግሞ ግማሽ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ብዙዎቹን ማጠራቀሚያዎች ከላይኛው ምልክት ከታችኛው በታች ለማውረድ በቂ ነው። ያውም ቆሞ ሲንጠባጠብ የታየው ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ መሪው ሲታጠፍ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ መንገድ ላይ የሚወጣው ከዚህ ይበዛል።

አሁን ወደ ከብቱ እንምጣ። ከዲላ እስከ ሀገረ ማርያም ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ይፈርድልኛል። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፤ መሪው አንዴ ይቀልላል፣ አንዴ ይከብዳል። ሹፌሩ በጉልበቱ ይታገላል፣ ኩርባውን በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ ከማዞር ይልቅ በርግጫ በርግጫ ይወስደዋል። ካቢናው ውስጥ ላለው ሰው ይህ ትንሽ መንገጫገጭ ነው። ኋላ አራት እግሩን ዘርግቶ ሚዛኑን ለሚጠብቅ ሰንጋ ግን ውድቀት ነው። አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱ ይረግጠዋል፤ ቆዳው ያለ ምልክት ሊቀር ይችላል፣ ሥጋው ግን ይበለዛል። የበለዘው በቄራ ተቆርጦ ይጣላል።

መሪው ጨርሶ ሲከብድና መኪናው ሲቆም ደግሞ ሁለተኛው ኪሳራ ይጀምራል። ከብት በጉዞ ላይ ክብደት ይቀንሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 እስከ 11 በመቶ የሚደርስ መቀነስ በዘርፉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው የሆድ ዕቃ ይዘትና ሽንት ነው፤ ይህን መኖና ውኃ ይመልሰዋል። ሰዓቱ ሲረዝም ግን ከሰውነቱ ውኃና ከሥጋው መሄድ ይጀምራል፣ እሱ በአንድ ምሽት አይመለስም። የቆመ መኪና ከሚሄደው የሚብስበት ሰዓትም አለ፦ እየሄደ ሳለ ነፋስ የከብቱን ሙቀት ይወስድ ነበር፤ ቀትር ላይ ሚሌ አካባቢ የቆመ መኪና ግን ምድጃ ነው።

በቁጥር እናስቀምጠው። 16 ሰንጋ፣ እያንዳንዱ 320 ኪሎ ቢሆን ጭነቱ 5,120 ኪሎ ነው። አንድ በመቶ ማለት 51 ኪሎ ገደማ ነው። ለስሌት እንዲመች የቁም ክብደቱን በኪሎ 200 ብር እንያዝ፤ የየገበያችሁን ዋጋ ራሳችሁ ተኩበት። መዘግየቱ ከተለመደው በላይ 3 በመቶ ብቻ ቢጨምር የጠፋው 153.6 ኪሎ፣ ማለትም 30,720 ብር ነው። አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ከነማሰሪያው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በዚህ ላይ የሞተ ወይም እግሩ የተሰበረ አንድ ሰንጋ ቢጨመር ስሌቱን መቀጠል አያስፈልግም።

በቀጥታ ወደ ቄራ ለሚሄድ እንስሳ ሌላም ጣጣ አለ። የተጨነቀና የደከመ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመውን ግላይኮጅን ይጨርሳል። ሲታረድ ሥጋው የሚገባውን ያህል አሲድ አያበጅም፤ ፒኤቹ ወደ 5.5 በመውረድ ፈንታ ከ6 በላይ ይቀራል። ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ቶሎ ይበላሻል። ከሞጆ በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው የፍየልና የበግ ሥጋ ቀዝቅዞ እንጂ በረዶ ሆኖ አይደለም የሚሄደው፤ ስለዚህ የዕድሜው ማጠር ቀጥታ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ከመጫን በፊት ምን ይታይ? ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መኪናው ካደረበት ቦታ ሲነሳ መሬቱን እዩ። የፊት ጎማ አካባቢ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ የቅባት እርጥበት ካለ ጠይቁ፤ የሞተር ዘይት ጠቁሮ ነው የሚታየው፣ ብዙው የመሪ ዘይት ግን ሲገባ ቀይ ነው። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ በቀስታ እየሠራ ሳለ ሹፌሩ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙረው። እንደ ዝንብ የሚጮህ ወይም የሚያቃስት ድምፅ ከተሰማ አየር ገብቷል ወይም ፓምፑ ደክሟል። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ማየትም ነው፦ አረፋ ካለ አየር አለ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ዘይቱ ሥራውን ጨርሷል። ብዙዎቹ ማጠራቀሚያዎች ለቀዝቃዛና ለትኩስ የተለያየ ምልክት ስላላቸው በቀዝቃዛው ጊዜ እስከ ትኩሱ ምልክት መሙላት ትርፉን ማስገንፈል ነው፤ ገንፍሎ የወጣውን ደግሞ ፍሳሽ ነው ብሎ የሚያሳድድ መካኒክ አይጠፋም። በመጨረሻ ሹፌሩን "ዘይቱን መጨረሻ የጨመርከው መቼ ነው?" በሉት። "ይፈሳል ወይ?" ካላችሁት "አይፈስም" ይላችኋል። መቼ እንደጨመረ ስትጠይቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይነግራችኋል።

የመኪናው ባለቤት ለሆኑት አንባቢዎች ጥቂት ልጨምር። ፍሳሹን ለማግኘት በመጀመሪያ አካባቢውን በሳሙናና በውኃ ወይም በላምባ አጥቦ ማድረቅ ነው። ቅባትና አቧራ በተጋገረበት ላይ ምንጩ አይለይም። ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ዘይቱ የሚታይበት ቦታ የሚወጣበት ላይሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀደመውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ። ከታች ካርቶን አንጥፋችሁ ሌላ ሰው መሪውን ያዙር፤ ዳር ላይ ሲደርስ ግን ከ5 ሴኮንድ በላይ አይያዝ፣ ግፊቱ ጣሪያ የሚነካው እዚያ ነውና። በገበያ ውስጥ በጠባብ ቦታ ሲዞሩ መሪውን ዳር ላይ ጨምድዶ መያዝ ቱቦዎቹን የሚጨርስ ልማድ ነው። ሞተሩ እየሠራ የግፊት ቱቦውን በእጅ መዳሰስም የለም፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።

የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ከአራት ቦታዎች ከአንዱ ነው። ቀላሉ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጎማ ቱቦ ነው፤ ማሰሪያው ላልቶ ወይም ጫፉ ደርቆ ይሆናል። የግፊት ቱቦው ጎማውና ብረቱ በሚገናኙበት ጭምቅ ላይ ያልባል፤ እሱ በማሰሪያ ወይም በጎማ ጥብጣብ አይያዝም፣ መለወጥ ወይም በመሣሪያ እንደገና መጨመቅ አለበት። ሦስተኛው የመሪ ሳጥኑ ታችኛ ዘንግ ሲል ነው። እዚህ ላይ ሲሉን ብቻ ቀይሮ መሄድ የተለመደ ነው፤ ዘንጉ ከተቧጨረ ወይም ኩሺኔቱ ከላላ ግን አዲሱ ሲል ብዙ አይቆይም። ከመጠን በላይ መጫንና ከልኩ የሰፋ የፊት ጎማ ይህንን ያፋጥኑታል።

አራተኛው የፓምፑ ዘንግ ሲል ነው፣ አታላዩም እሱ ነው። በብዙ የናፍጣ መኪኖች ላይ ፓምፑ በቺንጋ ሳይሆን በሞተሩ ጥርስ ነው የሚዞረው። የዘንጉ ሲል ሲበላ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ መሬት ላይ አንድ ጠብታ አይታይም። የመሪ ዘይት እየቀነሰ የሞተር ዘይት ደረጃ ከፍ ካለ "መኪናዬ ምንም አያፈስም" ብሎ መደሰት አይገባም፣ የሞተሩ ዘይት እየተበረዘ ነው።

ስለሚጨመረው ዘይት፦ ክዳኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ብዙዎቹ ዴክስሮን የሚባለውን የኤቲኤፍ ዓይነት ይቀበላሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይገባም፤ የመሪውን ሲሎች የሚያሳብጥና የሚያበላሽ ሌላ ኬሚካል ነው። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው መድኃኒት የደረቀ ጎማን አለስልሶ ለጊዜው ሊያሻሽል ይችላል፤ የተሰነጠቀ ቱቦንና የተቧጨረ ዘንግን ግን አያድንም። እኔ ራሱ ለከብት መኪና አልመክረውም፤ ጊዜ የሚገዛ ይመስላል፣ የሚገዛው ግን ብልሽቱ የሚደርስበትን ቦታ አለማወቅን ነው። ከጥገና በኋላ አየሩ መውጣት አለበት፦ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው በዝግታ ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ዘይቱ ይሞላል፤ አረፋው ሲጠፋ ሞተሩ ይነሳል።

ጭነት ላይ ሳላችሁ ቢጀምርስ? መሪው ሲከብድ ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ መኪናው አሁንም ይታዘዛል፣ ግን በጉልበት፣ በተለይ በዝግታ ሲሄድ። ጎማው ባለፈ ቁጥር ዘይት እየጨመሩ ወደሚቀጥለው ከተማ መድረስ ይቻላል። ደረቅ ፓምፕ ማስኬድ ግን ፓምፑንም መግደል ነው፤ የሚያለሰልሰው ያው ዘይት ነውና። ዘይቱ በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚፈስ ከሆነ ወዲያው ቁሙ። ከላይ ድርቆሽና ጭድ በተጫነበት መኪና ይህ የእሳት ጉዳይ ነው። ቁልቁለት ከፊታችሁ ካለ ደግሞ ከላይ መቆም ይሻላል፣ የከበደው መሪ ከከበደው ጭነት ጋር ሲገናኝ የሚጠፋው ኪሎ ብቻ አይሆንም።

ሲቆም በመጀመሪያ ጥላ ይፈለግ፣ የወደቀ ይነሳ፣ ውኃ ይቅረብ። መወጣጫ በሌለበት ማውረድ እግር መስበር ነው። የግድ ከወረዱም ከአካባቢው መንጋ ጋር አይቀላቀሉ፣ በአንድ ገንዳ አይጠጡ። አፍተግርን ይዞ መሄድም ይዞ መምጣትም በዚሁ መንገድ ነው፣ ለወጪ ንግድ የታሰበ ከብት ከሆነ ደግሞ የኳራንቲኑን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን ይቀጥላል? የጥገናውን ወጪ የሚሸከመው የመኪናው ባለቤት ነው፤ የጠፋውን ኪሎ የሚሸከመው ነጋዴው ነው። ሹፌሩ መሃል ላይ ሆኖ ከኪሱ አንድ ጠርሙስ ይጨምርና ያልፋል፣ ባለቤቱም ፍሳሽ መኖሩን ሳይሰማ ወራት ይቆያል። ሁሉም በየፊናው ልክ ነው፣ ሚዛኑ ላይ ግን 150 ኪሎ ጎድሏል። መፍትሔው ቁጥጥር ማብዛት ሳይሆን ኪሳራውን ሊያስቀረው ወደሚችለው ሰው ማስጠጋት ይመስለኛል። የኪራይ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ በቃል ስለሆነ ሁለት ነገር መጨመር ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ሹፌሩ የጨመረውን ዘይት በቀንና በመጠን ይጻፍ፣ ሒሳቡንም ባለቤቱ ይክፈለው፤ ያኔ ደብተሩ ራሱ ፍሳሹን ይናገራል። ሁለተኛ፣ የኪራዩ የተወሰነ ክፍል፣ አሥረኛውም ቢሆን፣ ከብቱ ወርዶ እስኪቆጠርና እስኪመዘን ይቆይ፤ መኪናው በብልሽት ከተስማሙበት ሰዓት በላይ ከዘገየ ከዚያ ይቀነስ። በመንገድ መዘጋት ወይም በኬላ የዘገየው አይቆጠርበት፣ አለበለዚያ ሹፌሩ ሰዓት ለማካካስ ቁልቁለቱን ይበርርበታል።